የገረሴ ቡናና የኤውሮፓ አዲስ ሕግ

ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ፥ በጋሞ ደጋ ላይ በተቀመጠችው በገረሴ ዙሪያ፥ ምድሩ ወደ ወይና ደጋው በሚያዘቀዝቅበት በኩል፥ ገበሬው ቡናውን የሚተክለው በቤቱ ጓሮ ነው። ቡናው ከእንሰቱ ጋራ ተጎራብቶ ይቆማል፤ ከሁለቱም በላይ አባቶች ያቆዩአቸው ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ይጥላሉ። ይህ ገበሬ ደን መንጥሮ ቡና ተከለ ብሎ የሚከሰው ጎረቤት የለውም። ነገር ግን በኤውሮፓ ኅብረት በወጣ ሕግ ምክንያት፥ ደን አለመመንጠሩን በማስረጃ ማሳየት ካልተቻለ ቡናው ወደዚያ ገበያ የማይገባበት ጊዜ እየቀረበ ሄዷል። ንጹሕ ሆኖ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ መሆንን ለማያውቁት ሰው በጽሕፈት ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ገረሴን የሚያሠጋት ይህ ሁለተኛው ነው።

ሕጉ የጸደቀው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት 23 ቀን፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ሜይ 31 ቀን ነው። የኤውሮፓ ሕዝብ የሚበላውና የሚጠጣው፥ ቤቱንም የሚሠራበትና የሚያስጌጥበት ብዙ ዕቃ በሩቅ አገር ደን እያስመነጠረ ስለ ሆነ፥ ይህ እንዲቀር ታስቦ የተደነገገ ነው። የሚመለከታቸውም ሰባት ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም ከብት፥ ካካዎ፥ ቡና፥ የዘንባባ ዘይት፥ ጎማ፥ አኩሪ አተርና እንጨት ሲሆኑ፥ ከእነርሱ የሚሠሩ ብዙ ዕቃዎችም ተጨምረውበታል። ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚከብደው የቡናው ነገር ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደኑ ተመንጥሮ እርሻ በሆነ መሬት ላይ የበቀለ ቡና በኅብረቱ አገሮች ሊሸጥ አይፈቀድም። ደግሞም ቡናው በበቀለበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆን አለበት። አስመጪው ኩባንያ ይህን ሁሉ መርምሮ ማረጋገጡን የሚገልጽ ቃል በጽሑፍ ለመንግሥት ያቀርባል፤ በዚያም ጽሑፍ ውስጥ ቡናው የበቀለበት የእያንዳንዱ ማሳ ሥፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ይገለጻል። ሕጉን ለጣሰ ኩባንያ የሚወሰነው የገንዘብ መቀጫ፥ ከፍተኛው ልኩ ኩባንያው በኅብረቱ ውስጥ በዓመት ከሚሸጠው ከመቶ 4 እጅ እንዳያንስ ታዝዟል።

ይህ ሕግ በሥራ ላይ እንዲውል በመጀመሪያ የተቀጠረው ለታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ቀጠሮው ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ፥ በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በወጣው ማሻሻያ፥ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ኩባንያዎች ወደ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፥ ለትንንሾቹ ወደ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ተሻገረ። ሁለት ጊዜ የተሻገረ ቀጠሮ ሦስተኛም ይሻገራል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው የሚጠብቁ ነጋዴዎችና ሹማምንት አይታጡም። ነገሩን ከልምድ ተነሥተው ያስባሉና ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ገዢው የሕጉን ቀን አይጠብቅም። ሕጉ ወጥቶ ገና ዓመት ሳይሞላው፥ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ግድም፥ አንዳንድ የኤውሮፓ ቡና ገዢዎች ከአፍሪቃ ትንንሽ ገበሬዎች የሚገዙትን መቀነስ መጀመራቸውን፥ ኢትዮጵያም ከሚቀነስባቸው አገሮች አንዷ መሆኗን የዜና ማሰራጫዎች አውርተው ነበር። ነጋዴ ሥጋት ያለበትን ዕቃ ትቶ ሥጋት የሌለበትን ቢገዛ የሚፈርድበት የለም። ሕጉ ቢዘገይ እንኳ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ አገር የዞረ ገዢ በቀላሉ አይመለስም።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የአንድ ኮንቴነር ቡናን ሒሳብ ማየት ይበቃል። በአንድ ኮንቴነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ፥ ይኸውም 192 ኩንታል ቡና ይጫናል። በብራዚል ይህን ያህል ቡና ከአንድ ሰፊ እርሻ ሊለቀም ይችላል፤ የሚለካውም የአንድ እርሻ ዙሪያ ነው። በጋሞ ግን አንዱ ቤተሰብ ሁለት ኩንታል ንጹሕ ቡና ቢያቀርብ፥ ኮንቴነሩን ለመሙላት የ96 ቤተሰብ ቡና ያስፈልጋል። የሚለካው የ96 ጓሮ ሥፍራ ነው፤ ማስረጃውም የ96 ሰው ነው። ሕጉ የታወቀውን ካልታወቀው ጋራ አደባልቆ በድምር መቁጠርን አይቀበልም። ስለዚህ ከ96ቱ የአንዱ ቡና ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ከሌላው ጋራ ቢደባለቅ፥ የዘጠና አምስቱ ልፋት ከእርሱ ጋራ ይወድቃል።

ይህም ቡናው ሳይደባለቅ ከገበሬው እስከ ወደብ ደረሰ ቢባል ነው። የታወቀው መንገድ ግን ሌላ ነው። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፥ አቅራቢው ለላኪ ያስተላልፋል፤ በየደረጃውም ጆንያ በጆንያ ላይ ይፈስሳል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመ በኋላ ቡና በመጣበት አካባቢና በደረጃው እየተመደበ በጅምላ ይሸጥ ጀመር። ይህ አሠራር ለዋጋው ግልጽነት ያመጣው ጥቅም አለ፤ የገበሬው ስም ግን በመጋዘኑ በር ላይ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቡናው ከነምንጩ ታውቆ እንዲሸጥ በር ከፍቷል፤ ከዚያም ወዲህ አቅራቢውና ላኪው በቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ ሰፍቷል። በሩ ተከፈተ እንጂ በገረሴ ያለው ገበሬ ገና አልገባበትም። ቡናውን በገበያ ቀን ለመጣው ሰብሳቢ ሸጦ ጨውና ልብስ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቡናው የት እንደሚደርስ የሚጠይቀውም የሚነግረውም የለም።

ስለ ቁጥሩም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ካህናት በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስን የዕለት ስድሳኛ እጅ አድርገው ይቆጥሩታል፤ እዚህ ግን ቃሉ ሥፍራው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካበት ነው። ስፋቱ ከ4 ሔክታር የማይበልጥ የቡና ማሳ በአንድ ነጥብ ብቻ ሊገለጽ ይችላል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው መለካት አለበት። ይህ ለትንንሾቹ ገበሬዎች የተደረገ ማቃለል ነው። የነጥቡ ቁጥር ግን ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ እንዲኖረው ታዝዟል። ስድስተኛው አኃዝ በምድር ላይ ሲታይ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሚለካበት የእጅ ስልክ ግን ራሱ በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ይህን የጻፉት ሰዎች በጋሞ ተዳፋት ላይ ቆመው፥ በዛፍ ጥላ ሥር ስልክ ይዘው የሞከሩት አይመስልም።

የሚያስፈራው ግን የሳንቲ ሜትሩ ስሕተት አይደለም። መዝጋቢው ኬክሮሱን በኬንትሮስ ቦታ ቢጽፈው፥ በአርባ ምንጭ አካባቢ የበቀለ ቡና ከአልጄሪያ ጠረፍ ወዲያ በሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ የበቀለ ሆኖ ይገኛል። መዝጋቢው ወደ ጓሮው መውጣት ታክቶት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆሞ የሠላሳ ሰው ነጥብ ቢመዘግብ፥ ሠላሳ የቡና ማሳ በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የተደራረበ ሆኖ ይታያል። በብራስልስ ወይም በሐምቡርግ ሆኖ ይህን የሚመረምር ሰው ስሕተቱን በስንፍና አይተረጉመውም፤ ማታለል ነው ይላል። ከዚያ በኋላ በትክክል የተመዘገበውንም አያምንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በጥላ ሥር ያለ ቡና ደን ነውን ወይስ እርሻ ነው የሚለው ነው። ሕጉ ደን ብሎ የሚጠራው ከግማሽ ሔክታር የሚበልጥ ስፋት፥ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያላቸው ዛፎች፥ ከመቶ ከ10 እጅ የሚበልጥ የቅጠል ሽፋን ያለበትን መሬት ነው፤ ነገር ግን በይበልጥ ለእርሻ የሚያገለግለውን መሬት ከዚህ አውጥቶታል፤ ሰብል በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማበትንም አሠራር ከእርሻ ቆጥሮታል። ስለዚህ የገረሴ ገበሬ ከ2013 ዓ.ም. በፊት በነበረው ጓሮው ውስጥ አሮጌ ቡና ነቅሎ አዲስ ቢተክል፥ ወይም ከእንሰቱ ጎን ጥቂት ቡና ቢጨምር ሕግ ጣሰ አይባልም። ችግሩ የሚነሣው ከሰማይ ከሚነሡት ሥዕሎች ነው። ሳተላይቷ የምታየው የዛፉን ጫፍ ብቻ ነው፤ ከጫፉ በታች ቡና ይኑር፥ እንሰት ይኑር፥ ቁጥቋጦ ይኑር አትለይም። በካርታው ላይ ደን ሆኖ የተቀባ ጓሮ፥ ባለቤቱ ያረጀ የጥላ ዛፍ በቆረጠ ጊዜ ደን የተመነጠረበት መስሎ ሊታይ ይችላል። ዛፍ ጠብቆ ያቆየው ሰው ዛፍ ስላለው ይጠረጠራል፤ ቀድሞውኑ ሜዳ ያደረገው ግን የሚጠረጠርበት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊያርም የሚችለው በሥፍራው ተገኝቶ ያየ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ነው።

ቡናን ከዛፍ ጋራ ማኖር በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ማስረጃ አይጠፋም። በጣና ሐይቅ የዘጌ ገዳማት ሰዎች በልማድ ሞፈር ሳያሳርፉና ከብት ሳያሠማሩ፥ ቡናቸውን በደን ጥላ ሥር ሲለቅሙ ኖረዋል፤ ደኑም እስከ ዛሬ አለ። ከጋሞ በስተ ምሥራቅ፥ ከአባያ ሐይቅ ማዶ የጌዴኦ ሕዝብ ቡናን፥ እንሰትንና ዛፍን በአንድ ተዳፋት ላይ ያኖረበት አሠራር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጌዴኦና ጋሞ ዛሬ በአንድ ክልል፥ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ለአንዱ ዓለም የመሰከረለት አሠራር በሌላው ደግሞ በጥርጣሬ እንዳይታይ የክልሉ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

በጋሞ ደጋም ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። የጋሞ ሽማግሌዎች በየአካባቢው ዛፍ እንዳይቆረጥባቸው በልማድ የተከለከሉ ደኖችን ሲጠብቁ ኖረዋል። ክልከላውን የጣሰ ሰው ጎሜ ደረሰበት ይባላል፤ በዱቡሻም፥ በአደባባዩ ሸንጎ፥ ይጠየቃል። ይህን ልማድ ካዎዎቹና ሐላቃዎቹ ያለ መንግሥት ዘበኛና ያለ ጽሑፍ አቆይተውታል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ የእምነት ለውጥ በመጣ ጊዜ፥ እነዚህን ደኖች የባዕድ አምልኮ ቦታ ናቸው በማለት ዛፋቸውን እንደ ጣዖት የቆጠረ አልታጣም። ይህ ለካህናት ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው። በሰሜኑ ክፍል የየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ዙሪያው ሜዳ ሲሆን ብቻውን ደን ሆኖ እንደ ቀረ የታወቀ ነው፤ ዛፉን ያቆየው መከበሩ ነው። የልማዱ መንፈስ ቢተች፥ ዛፉ ግን ምን በደለ ሊባል ይገባል። አሁን ደግሞ ይህ ልማድ በገበያም ፊት ዋጋ ያለው ሆኗል፤ የትኛው ደን ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፥ ዳርቻውም እስከ የት እንደ ሆነ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ የሚያውቅ የለምና፥ ስለ ማሳ ሥፍራ ምስክርነት በሚሰበሰብበት ጊዜ ቃላቸው በመዝገብ ሊገባ ይገባዋል።

ደግሞ ደኑን መጠበቅ ለኤውሮፓ ተብሎ የሚሠራ ሥራ መስሎ መታየት የለበትም። የጋሞ ደጋ አፈር በዝናብ ታጥቦ በኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲወርድ የሚያይ ሰው፥ የማን እርሻ እየሄደ እንደ ሆነ ማንም አይነግረውም። በጎረቤት በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ጨርሷል፤ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ አለቁ። በተዳፋት ላይ የሚኖር ሕዝብ ሥር የያዘ ዛፍ ምን እንደሚሠራለት ከማንም በላይ ያውቃል።

የቡናው ገበያ ቢዘጋ ገበሬው ምን ያደርጋል የሚለውን ማሰብ ያስፈልጋል። ቡና የማይሸጥለት ሰው ቡናውን በጥላው ሥር እያየ አይቀመጥም፤ ይነቅለውና ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ጫት ጥላ ስለማይሻ የጥላው ዛፍ ተቆርጦ ማገዶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ደን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ በገረሴ ዛፍ አስቆረጠ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው በብራስልስ ያለው ጸሐፊ አይደለም፤ በአርባ ምንጭና በገረሴ ያለው ሹም ነው።

ስለዚህ ኩባንያዎችን ሕጉን እንዲፈጽሙ መርዳት የሚባለው ነገር ከየት መጀመር እንዳለበት በግልጽ መታወቅ አለበት። በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ 469 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቡና ወደ ውጭ ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ያህል አግኝታለች፤ ጀርመን፥ ቤልጂግና ኢጣልያ ከዋነኞቹ ገዢዎች መካከል ናቸው። ይህን የሚያህል ሀብት የሚያመጡት ላኪዎች እርዳታ ይገባቸዋል፤ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንም የገበሬዎችን ማሳ የመመዝገቡን ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ምዝገባው በየላኪው ገንዘብና በየላኪው መዝገብ ብቻ እንዲሠራ ቢተው ሁለት ጉዳት ይከተላል።

አንደኛው፥ ላኪው ትርፉን አስልቶ የሚሠራ ነውና፥ ለመኪና መንገድ ቅርብ የሆነውን፥ ቡናው የበዛውን፥ ስሙ በዓለም የታወቀውን አገር መርጦ ይመዘግባል። ይርጋ ጨፌና ሲዳማ የሚመዘግባቸው አያጡም። ገረሴ ግን ቡናዋ በየጓሮው የተበታተነ፥ መንገዷ ዳገት፥ ስሟም በኤውሮፓ የቡና መደብሮች ያልተጻፈ ናት። የአንዱን ጓሮ ነጥብ ለመውሰድ የሚወጣው ወጪ ከጓሮው ቡና ትርፍ ከበለጠ፥ ላኪው ባይመጣ አይፈረድበትም። በዚህ ምክንያት ከሁሉ በላይ ንጹሕ የሆነው ቡና ከሁሉ በፊት ከገበያ ይወጣል። ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። ላኪው ወጪ አውጥቶ የመዘገበውን የገበሬ ስምና ሥፍራ እንደ ግል ንብረቱ ይይዘዋል። ገበሬው በሚመጣው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሰጠው ለሌላ ነጋዴ ሊሸጥ ቢፈልግ፥ ማስረጃው በፊተኛው ነጋዴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያገኘዋል። ቡናው በገበሬው እጅ ነው፤ የቡናው ምስክር ግን በነጋዴው እጅ ነው። ምስክር የሌለው ቡና የማይሸጥ ከሆነ፥ ገበሬው ቡናውን በየትኛው ዋጋ እንዲሸጥ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ማሰብ አያዳግትም።

እንግዲህ መዝገቡ የመንግሥት ሊሆን፥ ግልባጩም በገበሬው እጅ ሊሰጥ ይገባል። ላኪው ለሚገዛው ቡና ያህል ከመዝገቡ ማስረጃ ይወስዳል፤ ለአገልግሎቱም ተገቢውን ዋጋ ይከፍላል። ይህ ሥራ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች በብዙ ወረዳ የገበሬውን ይዞታ እየለኩ፥ በካርታ ላይ እያኖሩ፥ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጡ ቆይተዋል። የኤውሮፓው ሕግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር፥ ማለት ማሳው የት እንደ ሆነና በሕግ የተያዘ መሆኑ፥ በዚህ ሥራ ውስጥ አብሮ የሚገኝ ነው። የመሬቱ መሥሪያ ቤት የለካውን የቡናው መሥሪያ ቤት እንደገና ሊለካ ቢነሣ፥ ገበሬው በአንድ ጓሮው ላይ ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ይቀበላል፤ የሁለቱ ቁጥር ሳይስማማ በቀረ ጊዜም የሚጎዳው እርሱ ነው። በአንድ ወረዳ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች መዝገባቸውን እንዲያስተያዩ ለማድረግ የወረዳው አስተዳዳሪ ትእዛዝ ይበቃ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ከከባዱ ይልቅ የሚዘገይበት ምክንያት ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው።

የይዞታ ደብተር የሌለው ገበሬ ካለ ደብተሩ እስኪደርሰው በቀበሌው ሸንጎ ፊት ጎረቤቶቹ ሊመሰክሩለት ይገባል። ደብተሩ በባል ስም ብቻ የተጻፈ ከሆነ፥ ባሏ የሞተባት ሴት ቡናዋን በማን ስም እንደምታስመዘግብ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በጋሞ ብዙ ወንድ ለሽመናና ለሌላ ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላም ከተማ ይወጣልና፥ ጓሮውን የምትጠብቀው፥ ቡናውንም የምትለቅመው በብዙ ቤት ሴቲቱ ናት።

ከሁሉም በላይ ምዝገባው እውነተኛ መሆን አለበት። ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ በእውነት ደን መንጥሮ ቡና የተከለ ሰው ቢገኝ፥ ማሳው ለብቻው ተለይቶ መመዝገብ አለበት፤ ቡናውም ወደ አገር ውስጥ ገበያ ወይም እንዲህ ያለ ሕግ ወደሌለበት አገር ሊሸጥ ይችላል። ይህን ሰው ለመሸፈን ብሎ በዘመድ ወይም በመማለጃ ንጹሕ ነው ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ፥ አንዱን የጠቀመ መስሎት ከእርሱ ጋራ በአንድ ኮንቴነር የተጫኑትን ሁሉ ያጠፋል። የተቆረጠውን ደን ሳተላይቷ አስቀድማ አይታዋለች፤ የዚያን ቀን ሥዕልም አኑራዋለች፤ ስለዚህ ውሸቱ እስኪገለጥ ጊዜ ይፈጅ እንደ ሆነ እንጂ ተሰውሮ አይቀርም። ካህናት የናቡቴን ታሪክ ያውቁታል። ርስቱ የተወሰደበት በጦር ኃይል አልነበረም፤ በሐሰተኞች ምስክሮችና በንጉሡ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ነበር።

ገበሬው ስለ ምዝገባው የሚሰማው ፍርሃትም ሊናቅ አይገባውም። ስልክ ይዞ ጓሮውን የሚዞር እንግዳ ሲመጣ፥ ግብር ሊጨመርብኝ ነው፥ ወይም መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ማሰቡ ካለፈው ዘመን የተማረው ነው። የወረዳው ሹም በስብሰባ ላይ አትፍራ ቢለው የሚያምነው ጥቂት ነው፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ፥ በዱቡሻም ሽማግሌው የነገሩትን ግን ያምናል። ስለዚህ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ነገሩን በሙሉ እንዲረዱት መደረግ አለበት። በሙሉ ማለት፥ ለምዝገባው ምን እንደሚጠየቅ፥ መዝገቡን ማን እንደሚያየው፥ ለግብር ይውላል ወይስ አይውልም የሚለው ሁሉ ተገልጾ ማለት ነው። መንግሥት መዝገቡ ለግብር አይውልም ብሎ ቃል ከሰጠ ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ፤ ካልሰጠ ግን ካህኑን ለማያውቀው ነገር ዋስ አድርጎ ማቆም ነውር ነው።

ይህን ሕግ ከፍትሕ አንጻር የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ኤውሮፓ የራሷን ደን በቀደሙት ዘመናት መንጥራ ከበለጸገች በኋላ፥ የድኻውን አገር ገበሬ አሁን ምስክር አምጣ ማለቷ እንዴት ነው ይላሉ። ነቀፌታው እውነት አለበት፤ በተለይም የማስረጃው ወጪ በገዢው ላይ ሳይሆን በሻጩ ላይ መውደቁ ተገቢ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ይህን በየሸንጎው ሊናገሩት ይገባል። ዋጋው ሳይጨምር ግዴታው ብቻ የሚጨምርበት ንግድ ብዙ አይቆይም። ነገር ግን ክርክሩ በብራስልስ እስኪያልቅ በገረሴ ሥራው ሊቆም አይችልም፤ በክርክሩ የሚረታ ሰው እንኳ በእጁ መዝገብ ቢኖረው ቃሉ ይከብዳል። ደግሞም መዝገቡ ለኤውሮፓ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የትኛው ቀበሌ ስንት የቡና እግር እንዳለው፥ የቡና በሽታ የት እንደ ገባ፥ ችግኝ ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ የሚፈልግ የግብርና ሠራተኛ፥ ኤውሮፓ ባትጠይቀውም ይህ መዝገብ ያስፈልገው ነበር።

ስለ ጊዜው የሚቀረው አንድ ሒሳብ ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው ሲባል እስከዚያ ድረስ ጊዜ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በ2019 ዓ.ም. መጸው የሚለቀመው እሸት ታጥቦ ወይም ደርቆ፥ ተፈልፍሎ፥ በአዲስ አበባ ተመርምሮ፥ በጅቡቲ ተጭኖ የኤውሮፓን ወደብ የሚያገኘው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። በክረምት የጋሞ ደጋ መንገድ በጭቃ ይያዛል፤ መዝጋቢውም ከጓሮ ወደ ጓሮ ሊዘዋወር አይችልም። እንግዲህ ለገረሴ ገበሬ ያለው የምዝገባ ጊዜ ከለቀማው በፊት ያለው በጋና በልግ ብቻ ነው፤ የወረዳውም ሠራተኞች ቀጠሮአቸውን መቁጠር ያለባቸው ከዚህ ተነሥተው ነው።